ለእርቅ ያነሰች ድንጋይ

«ልጅቱማ የአላምረው ልጅ ናት! የአምባ ጊዮርጊሱ አላምረው፣ የቄስ ምንይችል የልጅ ልጅ! ኧረ አውቃቸዋለሁ፣ ሸጋ ዘር ናቸው!» ሲሉ ታየች አባቷን የሰማቻቸው ከጓሮው ቧንቧ ሥር ጥርሷን ስትቦርሽ ነው። መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ በስልክ ሲያወሩ ይጮኻሉ። ሰው ሩቅ ከሆነ ድምፅም ሩቅ መድረስ አለበት ብለው ሰባ ስድስት ዓመት ኖረዋልና የእጅ ስልክ የምትባል ዕቃ ይህን እምነታቸውን አላስቀየረቻቸውም። ስለዚህ እሳቸው ቤት ምስጢር የሚባል ነገር ቢኖር እንኳ የሰፈራቸው የሳሙና በር ሰው ሁሉ እኩል ይካፈለዋል። ታየች ብሩሹን ካፏ ሳታወጣ ደርቃ ቆመች። ከጎንደር ሕዝብ መካከል ዛሬ ጠዋት ይህ ስም እንዳይነሳ የምትፈልግ አንዲት ሴት ብትኖር እሷ ነበረች፤ ደመወዝ የሚከፈላትም ለዚሁ ነበር።

አፏን ተጉመጥምጣ ሳሎን ስትገባ መሪጌታ ለበዓል ብቻ የምትወጣዋን ጋቢ ለብሰው፣ ጭራቸውን በጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ በዓል የለም፤ ጾመ ነቢያት ከገባ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው።

«አባየ፣ ለማን ነው የነገሩት?»

«ምኑን?»

«የልጅቱን ነገር።»

«ምን ነገር ነገርኩ? ቢያዝን ደውሎ፣ ያች ቤታችሁ ምሳ የበላችው ልጅ የማን ናት አለኝ። የእገሌ ናት አልኩት። የሰው ዘር መጥራት ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«አያ ቢያዝን ምን አገባቸው?»

«ሽማግሌ ሆኖ ነዋ። እኔም ሆኛለሁ። የተጣላ ይታረቃል። አንድ የተማረ ሰው፣ ዶክተር፣ ሦስት ጊዜ አማላጅ ላከብኝ፤ እምቢ ልበል? ሽማግሌ የሚመልስ ቤት እኔ አልሠራሁም።»

«ያደረጋትን ያውቃሉ?»

መሪጌታ የጋቢያቸውን ጥበብ አስተካከሉ፤ ያልተጣመመ ነበር። «እኛ ሽማግሎች ዝርዝር አንጠይቅም» አሉ። በዚያ ቤት እናት ከሞተች ወዲህ ጸብ የሚባል ነገር የለም፤ ጸብ ሊሆን የሚችለው ሁሉ ዝም ተብሎ በየጥጉ ተቀምጧል፤ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ ከሶፋው ሥር። ውጭ ጡሩምባ ተነፋ። ነጭ ማኪና በር ላይ ቆሟል፤ አያ ቢያዝን ከፊት ወንበር አንገታቸውን አስግገው፣ «መሪጌታ፣ እንፍጠን፤ ሰውየውን አምባ ጊዮርጊስ ወጥተን ይዘነው ለመመለስ እኮ ነው!» አሉ። ማኪናው የዶክተሩ ነው። በዳዩ በራሱ ነዳጅ የተበዳይን አባት ሊያስመጣ ነው፤ እንዲህ ያለ ቸርነት ከየት ይገኛል!

ታየች በቀሃ ዩኒቨርሲቲ የሥርዓተ ጾታ ጉዳዮች ቢሮ ባለሙያ ናት። ቢሮው ከደረጃ ሥር ነው። ቀድሞ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ነበር፤ መንግሥት ለሴቶች ትኩረት ሲሰጥ መጥረጊያዎቹ ወጥተው እሷ ገባች። ከወዲያ ማዶ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አለ፤ መካከሉ ኮምፔንሳቶ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ለማባዛት ወረፋ የያዘ ተማሪ ግድግዳውን ተደግፎ ከቆመ የአመልካቿን ትንፋሽ ሳይቀር ይቆጥራል። ቢሮው የምስጢር አጠባበቅ መመሪያ አለው፤ አሥራ አራት ገጽ፣ ማኅተም ያረፈበት። መመሪያው ባዘዘው መሠረት ሁለት ቁልፍ ያለው የብረት ሸልፍ በሦስት ፕሮፎርማ ተወዳድሮ ተገዝቷል። ግድግዳ ግን አልተገዛም፤ ግድግዳ በመመሪያው ውስጥ አልተጠቀሰማ። ስለዚህ ከሦስት ሳምንት በፊት ፋሲካ አላምረው የምትባል የአራተኛ ዓመት ተማሪ መጥታ «እዚህ አልናገርም» ስትል፣ ታየች እጇን ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደቻት። ምሳ አበላቻት። መሪጌታም ማዕድ ባርከው፣ «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት። ክፉ አላሰቡም። እንግዳን የማን ልጅ እንደሆነ ሳይጠይቁ ማብላት ለእሳቸው ለድመት ፍርፋሪ እንደ መጣል ነው። ልጅቱም እስከ ሦስተኛ አያቷ ቆጠረችላቸው። ከዚያ ጓዳ ገብታ፣ አስተማሪዋ ዶክተር ልዑልቃል ቅዳሜ ከሰዓት ጽሑፍሽን ልይልሽ ብሎ ቢሮው እንደጠራት፣ በሩን እንደቆለፈባት፣ ያደረጋትንም ለታየች ነገረቻት። እሷ ስትናገር ከሳሎን ይሰማ የነበረው የመሪጌታ ዳዊት በመካከል ተቋረጠ። ሰምተው ይሁን ደክሟቸው ታየች አልጠየቀችም፤ እሳቸውም አልተናገሩም።

ሸልፉ ውስጥ ያለው ፋይል ቁጥር አራት እንጂ ስም የለበትም። የከሳሿን ስም ተከሳሹ የሚያውቀው የዲሲፕሊን ኮሚቴው በተሰበሰበ ዕለት ብቻ ነው ይላል መመሪያው። ዶክተር ልዑልቃልም አላወቀም ነበር። ለማወቅ ሳይሞክር ቀርቶ አይደለም፤ ሊከሱት የሚችሉት ብዙ ስለሆኑበት ነው። ኮሚቴው የሚቀመጠው ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ከሳሿ ክሴን ትቻለሁ ካለች ፋይሉ ይዘጋል፤ አንዴ ከተዘጋም አይከፈትም። አያ ቢያዝን አንዲት ተማሪ እነ ታየች ቤት ምሳ መብላቷን ሰምተው፣ የማን ልጅ መሆኗን ብቻ ለመጠየቅ ደወሉ። እንግዲህ ስሙ በሁለት ቁልፍ ከተቆለፈው ሸልፍ አልወጣም፤ ከምሳ ሰሀን ወጣ። ይህን እያሰበች ታየች በባጃጅ ስትወርድ ወደ ፋሲካ አሥር ጊዜ ደወለች። ስልኳ ዝግ ነው። ባለባጃጁ ሃምሳ ብር ጠየቃት፤ ትናንት ሠላሳ አምስት ነበር፤ ዛሬ ለመከራከር ጉልበት አልነበራትም።

በግቢው በርም በአዳራሹም ከዳር እስከ ዳር «ዝምታውን እንስበር!» የሚል ባነር ተሰቅሏል። ፊደሎቹ የበግ ግልገል ያህላሉ። በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃት የሚታሰብበት ሳምንት ነውና አዳራሹ በነጭ ሪባን ተሽሞንሙኗል፤ ለእያንዳንዱ ተሳታፊ አንድ ቲሸርት፣ አንድ ውሃ፣ አንድ ደረት ላይ የምትሰካ ሪባን። በዚህ ሁሉ መካከል የተማሪዎች ዲኑና የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ አወቀ ሪባን እያደለ ነበር። ጥሩ ሰው ነው። አቶ አወቀን ክፉ ነው የሚል አንድም ሰው በግቢው አይገኝም፤ ችግሩም ይኸው ነው፤ ለበዳይም ጥሩ ነው፣ ለተበዳይም ጥሩ ነው።

«ታየችዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ!» አላት፤ «ፋይል ቁጥር አራት በባህላችን እየተፈታ ነው ሲሉኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! አባትሽም አሉበት አሉ። የታደልሽ ነሽ። እኛ ኮሚቴ ብለን የምንንቀዋለለው ሽማግሌ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል።»

«ስሟን ማን ነገረህ?»

«ኧረ እኔ ስም አልጠየቅኩም! ምስጢር ነው እኮ» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የአምባ ጊዮርጊሷ ልጅ ናት አይደል? በይ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የመዝጊያ ቅጹን አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ።» ቅጹን ከፋይል መካከል መዝዞ ሰጣት። ውጤት በሚለው ሥር ሁለት ሣጥኖች አሉ፤ አንዱ «በእርቅ ተጠናቋል» ይላል፣ ሁለተኛው «ማስረጃ አልተገኘም»። ቅጹን ያዘጋጀው አማካሪ ከነዚህ የተለየ ነገር ሊደርስ ይችላል ብሎ አላሰበም።

መድረኩ ላይ ዶክተር ልዑልቃል ወጣ። በፕሮግራሙ የተያዘው ከወር በፊት ነበር፤ ፕሮግራም ደግሞ አይነካም። ሱፉ ልክ ነው፣ ድምፁ የሚያምር ነው፣ ሪባኑ በልቡ ላይ ነው። «ሴት እናታችን ናት» አለ፤ ተጨበጨበ። «ሴት እህታችን ናት፤ ሴት ሚስታችን ናት» አለ፤ ከመጀመሪያው ይበልጥ ተጨበጨበ። ሴት ተማሪ ናት ይል እንደሆነ ታየች ጠበቀች። አላለም። ከኋላ ወንበር የተቀመጡ ሦስት ሴት ተማሪዎች አላጨበጨቡም። አንዷ የውሃ ጠርሙሷን ክዳን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ታየች እነዚያን ልጆች ስታይ ፋይል ቁጥር አምስት፣ ስድስትና ሰባት ተደርድረው የተቀመጡ መሰላት። ንግግሩ ሳያልቅ ወጣች።

የሴቶቹ ማደሪያ ክፍል ስድስት አልጋ አለው። አምስቱ ባዶ ናቸው፤ ባለቤቶቻቸው ቲሸርት ሊቀበሉ ሄደዋል። ፋሲካ ጥጉ ላይ ካለው የታች አልጋ ተቀምጣ ልብሷን በማዳበሪያ ከረጢት ትከታለች። ደቃቃ ናት፤ ቀና ስትል ግን ዓይኗ ሰው ያስቆማል። ታየችን ስታይ አልተነሳችም። የአገሯ ልጅ ለታላቅ ሳትነሳ ስትቀር ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል።

«አባቴ ቅድም ደወለ» አለች። «የትልቅ ሰው ማኪና ሊወስደኝ ይመጣል አሉኝ፤ ካስተማሪሽ ጋር ምን ተጣልተሽ ነው አለኝ። ምን ልበለው? ስልኩን ዘጋሁት። እትየ፣ እርስዎን ነበር እኮ አባቴ እንዳይሰማ ያልኩዎ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።»

ታየች ስትመጣ በባጃጁ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበር። የአባቴ ጥፋት ነው የሚል፣ እኔ መመሪያውን ጠብቄአለሁ የሚል። ከረጢቱን ስታይ ንግግሩን ተወችው።

«ከቤቴ ነው የወጣብሽ» አለች። «አባቴ ነው የተናገረ፤ ያመጣሁሽ ግን እኔ ነኝ። ግድግዳው ቀጭን ነው ብዬ የባሰ ቀጭን ቤት ወሰድኩሽ። አጥፍቻለሁ።»

ፋሲካ ይህን አልጠበቀችም ነበር። አራት ዓመት በዩኒቨርሲቲ ስትቆይ አጥፍቻለሁ የሚል ባለቢሮ አላየችም። ከረጢቱን ለቀቀችው።

«አሁን ምን ይሁን?» አለች።

«አንች የምትይው። ክሱን ልተወው ካልሽ እኔው ራሴ እጽፍልሻለሁ፤ አልቀየምሽም። አልተወውም ካልሽም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከጎንሽ እቀመጣለሁ።»

«አባቴ ይቅር ካለ በኋላ እኔ እምቢ ልል? በአባቴ ላይ? እትየ ምነው፣ አገሩን አያውቁትም?»

ታየች አገሩን ታውቀዋለች። ሦስት ጋቢ የለበሱ ሰዎች ከቆሙ ቤቱ ይንቀጠቀጣል። አንቀመጥም ይላሉ፣ ለእግዚአብሔር ብለህ ይላሉ፣ የተበዳይ አባት ደግሞ እግዚአብሔርን እምቢ ካለ በኋላ በየትኛው ደብር ይቀበራል? አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ልብሱን አጣጥፋ ከከረጢቱ እያወጣች መልሳ በቁም ሣጥኑ ደረደረችው። ፋሲካ አንድ ሹራብ አቀበለቻት።

ሽምግልናው በሰባት ሰዓት ነው፤ በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም፣ ከወይራው ሥር፣ የድንጋይ መቀመጫ ባለበት። ታየችና ፋሲካ ሲደርሱ ማኪናው ቆሟል። አያ አላምረው ከፊት ወንበር እየወረዱ ነው፤ አጭር፣ ጠንካራ፣ በላስቲክ ጫማ፤ ዱላቸውን ከማኪናው በር ጋር እንዳይነካ እንደ ሕፃን አቅፈው። «ማኪናው ሸጋ ነው፤ አያንገጫግጭም» ይላሉ። ልጃቸውን ሲያዩ ግንባሯን ሳሟትና ከሽማግሎቹ ፊት ሄዱ። ሴቶቹ እንደ ደንቡ ከበሩ አጠገብ ቆሙ። ዶክተር ልዑልቃል ከዛፉ ጀርባ ይጠብቃል። ከአዳራሹ በቀጥታ ነው የመጣው፤ ሪባኗ ከደረቱ አልወረደችም።

መሪጌታ፣ አያ ቢያዝንና አንድ ሌላ ሽማግሌ ተነሥተው ቆሙ። «አንቀመጥም» አሉ ቢያዝን፤ «ይቅር ብያለሁ ካላልከን አንቀመጥም። ልጅህና አስተማሪዋ በትምህርት ነገር ትንሽ ተጋጭተዋል። እሷም ሄዳ ከሳለች። ሰው ነው፣ ያጠፋል። ለእግዚአብሔር ብለህ፣ ለቆምንበት ደጅ ብለህ!»

«ኧረ ተቀመጡ፣ ተቀመጡ!» አሉ አያ አላምረው ደንግጠው። «እናንተን የሚያህሉ ሰዎች አቁሜ እኔ ማን ነኝ? ጾመኛም ናችሁ። ይቅርታ የእግዜር ነው። ሸጋ፣ እንታረቃለን።»

ቢያዝን ፊታቸው በራ። ከበሩ አጠገብ የፋሲካ እጅ የታየችን ክንድ ጨመቀ። ሽማግሎቹ ሊቀመጡ ሲሉ፣ «ይምጣና ድንጋዩን ይሸከም እንግዲህ» አሉ አላምረው።

ይህም ታስቦበታል። ዶክተሩ ከዛፉ ጀርባ ሲወጣ በእጁ ጥቁር ፌስታል ይዟል። ከፌስታሉ አንዲት የኮብልስቶን ድንጋይ አወጣ፤ ከግቢው የእግረኛ መንገድ የተነቀለች፣ የታጠበች፣ ዳቦ የምታህል። ሱፉ እንዳይቆሽሽ ፌስታሉን አጥፎ ትከሻው ላይ አነጠፈና አስቀመጣት። አያ አላምረው አዩት። ዞረው ከኋላ አዩት። ከዚያ ከልባቸው ሳቁ።

«ይህች ለጉልቻም አትበቃም! ልጄ፣ ዶሮ ሰርቀህ ነው?» ዱላቸውን ለቢያዝን አስያዙና ወደ ፈረሰው አጥር ሄደው፣ ለማንሳት ጎንበስ ቀና ብለው፣ የበግ ራስ ሁለት እጥፍ የሚሆን ጥቁር ድንጋይ በሁለት እጃቸው አቅፈው መጡ። የዶክተሩን ማጅራት ዝቅ አድርገው በጫንቃው ላይ ጫኑት። ፌስታሏ ወደቀች። «እንዲህ ነው። በል እንግዲህ ተናገር።»

ዶክተር ልዑልቃል ጉሮሮውን ጠረገ። «በመማር ማስተማሩ ሂደት ውስጥ በተፈጠረ አለመግባባት…»

«እ? ምን አለ?» አሉ አላምረው ወደ ቢያዝን ዞረው።

«አልተግባባንም ነው የሚልህ።»

«አሁንም አልተግባባንም። ምን አድርገሃት ነው?»

«አላምረው፣ ይቅር በል እንጂ ዝርዝር አትጠይቅ» አሉ ቢያዝን። «ነገር ሲበዛ ይከፋል።»

«አያ ቢያዝን፣ እኔ ያየሁት እርቅ ሌላ ነው። አጎቴ ሰው ገድሎ ደሙን ሲያደርቅ ልጅ ሆኜ ቆሜአለሁ። ድንጋዩን ተሸክሞ፣ እገሌን፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ በዚህ መሣሪያ ገደልኩት አለ። የሟች አባት ጣለው ያለው ያን ከሰማ በኋላ ነው። ስሙ ያልተጠራ በደል ምኑ ይቅር ይባላል? ዛሬ ይቅር ብዬ ሄጄ፣ ነገ ሌላ ቢሆን የሰማሁት?»

ሽማግሎቹ ተያዩ። ባህል ባህል ሲሉ የከረሙት እነሱ ናቸው፤ ባህሉን ግን ይዞላቸው የመጣው አምባ ጊዮርጊስ ያረሰ ገበሬ ሆነ። ፀሐዩ ከረረ። ዶክተሩ ድንጋዩን ከግራ ወደ ቀኝ ሊያዞር ሞከረ፤ ድንጋዩ ዶክተር ነው ብሎ አልቀለለትም። ላብ ከግንባሩ ወርዶ ሪባኗ ላይ ተንጠባጠበ። ለሦስት መቶ ሰው ያለ ወረቀት የተናገረ አፍ አሁን እያንዳንዷን ቃል ይለምናል። «ስሜቷን ጎድቻለሁ» አለ። «በምን?» አሉት። «ያልተገባ ቅርበት» አለ። «ምን ማለት ነው?» አሉት። አላምረው አልተቆጡም። በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ሳያይ እንደማይሄደው ሁሉ እሳቸውም ሳያዩ አይሄዱም፤ ይኸው ነው። ሦስት ጊዜ ጠየቁት፣ አራት ጊዜ ጠየቁት። በአምስተኛው፣

«በሩን ቆለፍኩባት!» አለ። «ቆለፍኩባት፤ ያዝኳት፤ ልብሷን… እምቢ ስትል ጽሑፍሽን አልፈርምልሽም አልኳት። ጸሐፊዋ በሩን ስታንኳኳ ለቀቅኳት። ይኸው ነው! ይብቃኝ፣ ጣለው በሉኝ!»

ቢያዝን የያዙትን የአላምረውን ዱላ ቀስ ብለው ከጀርባቸው ደበቁት። አላምረው ግን ዱላውን አልጠየቁም። ቆመው ልጃቸውን ተመለከቷት፤ ፋሲካ ከበሩ አጠገብ መሬት መሬት ታያለች። ፊታቸው በአንድ ጊዜ አሥር ዓመት ጨመረ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«ሽማግሎች፣ ተሳስታችሁ ነው እኔን የለመናችሁኝ። እኔን ማን በደለኝ? በሩ የተቆለፈው በእሷ ነው። ጣለው የምትል እሷ ናት።»

«ኧረ አላምረው! ሴት ልጅ በሽማግሌ ፊት…» ብለው ቢያዝን ጀመሩ፤ አልጨረሱም፤ ማንም አላገዛቸውም።

ፋሲካ ከታየች ክንድ እጇን አነሳች። ሦስት እርምጃ ወደ ፊት ሄደችና ቆመች። ድንጋዩን እንጂ ሰውየውን አላየችም።

«ይሸከመው» አለች። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሚቴው ይቀመጣል። አሁን ያለውን ለእነሱም ይንገራቸው። ያኔ ጣለው እላለሁ።»

ዶክተር ልዑልቃል ቀና አለ፤ ቀና ሲል ድንጋዩ በጀርባው ተንሸራቶ መሪጌታ እግር ሥር ዱብ አለ። «ይህ ኋላ ቀርነት ነው!» ብሎ ጮኸ ኮቱን እያራገፈ። «ሰብአዊ መብቴ ነው የተነካ! በሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን ምሁርን ድንጋይ ማሸከም!» ይህን እያለ ወደ ማኪናው ሄደ፤ በሩን ዘግቶ ነዳ። ኮብልስቶኗ ከፌስታሏ ጋር ቀረች። ለዘጠኝ ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ይቀራል።

መሪጌታ ከተቀመጡበት ድንጋዩን አዩት። ሽምግልናው ከተጀመረ አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር። «ራሱ ጣለው» አሉ ቀስ ብለው። «የሽማግሌ አፍ የሚታተመው እርቅ ሲወርድ ነው። ያልወረደ እርቅ ሽማግሌ የለውም፤ ምስክር ነው ያለው።» ቢያዝን ይህን ሲሰሙ መድኃኒት የሚወስዱበት ሰዓት ትዝ አላቸው፤ ሦስተኛው ሽማግሌም ሊሸኟቸው ተነሡ። ወደ ዩኒቨርሲቲው የወረዱት አራት ናቸው፤ ከፊት አላምረውና ፋሲካ፣ ከኋላ መሪጌታና ታየች። ባጃጅ ልያዝ ብትል ታየች አልሰሟትም። ከዳቦ ቤቱ ፊት ሲደርሱ አላምረው ቆሙ።

«እህል ቀምሰሻል?» አሉ ልጃቸውን።

«አልቀመስኩም።»

በአሥር አሥር ብር ሁለት ዳቦ ገዙ። ሁለቱንም ለእሷ ሰጧት። በልታ እስክትጨርስ ድረስ፣ ጾመኛው ሰው፣ ከፊቷ ቆመው መንገድ አላፊውን ከልጃቸው ከለሉ።

አዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹ እየተነሡ፣ ሪባኖቹ እየተጠቀለሉ ነው፤ ለከርሞ ይሆናሉ። ባነሩን ከሁለት ምስማር አውጥተው ሲነቅሉት «ዝምታውን» የሚለው ብቻ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ከሥሩ ባለው ረጅም ጠረጴዛ አቶ አወቀና ሁለት የኮሚቴ አባላት ተቀምጠዋል። ዶክተር ልዑልቃል ድንገት ታሟል፤ የሐኪም ወረቀት ልኳል። ታየች እንደ ጸሐፊነቷ ከጠረጴዛው ጫፍ፣ ፋሲካም ከጎኗ ተቀመጡ። አያ አላምረው «እኔ አልተበደልኩም፤ ከውጭ እጠብቃለሁ» ብለው ደረጃው ላይ ቀሩ።

«እንግዲህ» አለ አቶ አወቀ እጁን እያሻሸ፤ «በእርቅ ማለቁን ለማረጋገጥ አባታችንም ራሳቸው መጥተውልናል። ታየችዬ፣ የመጀመሪያውን ሣጥን…»

«አላለቀም» አሉ መሪጌታ።

«እሺ፤ እንግዲያው ሁለተኛውን፣ ማስረጃ…»

«አለ። እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ሰምቻለሁ። አንድ ጊዜ ዛሬ፣ ከራሱ አፍ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ። አንድ ጊዜ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በገዛ ቤቴ፣ ይች ልጅ በጓዳ ስትናገር፣ እኔ ዳዊት እየደገምኩ።» መሪጌታ ጭራቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ያኔ ዳዊቱን አቋረጥኩ እንጂ አፌን አልከፈትኩም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ መዝጋት ሲገባኝ ከፈትኩት።»

የታየች እስክሪብቶ ቆመ። አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው፤ እሳቸው ፋሲካን እንጂ እሷን አያዩም ነበር።

አቶ አወቀ ቅጹን አንስቶ ከላይ እስከ ታች ፈለገ። «አባታችን፣ ቃልዎን እናከብራለን፤ ግን ይህ… ይህ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።»

«ጀርባው ባዶ ነው» አለች ታየች። ከእጁ ወሰደችና ገለበጠችው።

መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ጎረቤት ሁሉ በሚያውቀው፣ ሳሙና በር ድረስ በሚሰማው ድምፃቸው ጀመሩ። ከወዲያ ማዶ ባነር የሚጠቀልሉት ልጆች እጃቸው ቆመ፤ ደረጃው ላይ የተቀመጡት ሰውም ዘወር አሉ።

«ጻፊ» አሉ ልጃቸውን። «በመጀመሪያ እኔ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጻፊ።»